ሐውልቱ አለ ወይስ የለም? አራዳ ጊዮርጊስ በድሮ ፎቶዎች

«አራዳ፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባቸው ፎቶዎች ከስልክ ስልክ ሲዞሩ እናያለን። ብዙዎቹ ግሩም ፎቶዎች ናቸው። ከኋላ የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ይታያል። ነጭ የለበሰ ሕዝብ መንገዱን ሞልቷል። በቅሎ አለ፣ ጃንጥላ አለ። ችግሩ አንዳንዶቹ ላይ መሃል ቦታውን ይዞ የሚታየው ነገር ነው። ምኒልክ ራሳቸው በሐውልት ቆመዋል፤ ፈረሳቸው የፊት እግሮቹን አንስቷል።

አፄ ምኒልክ ያረፉት ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ነው። ሐውልታቸው የተመረቀው ጥቅምት 22 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው፤ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ዋዜማ። በመሃሉ ወደ 17 ዓመት ገደማ አለ። ስለዚህ ሐውልቱ የሚታይበት ፎቶ በምንም ተአምር በምኒልክ ዘመን ሊነሳ አይችልም።

ይህን ያህል ግልጽ የሆነ ነገር የሚያልፈን የድሮ ፎቶ የምናየው ለትዝታ ስለሆነ ይመስለኛል። አይተን «ወይ ጊዜ!» እንላለን፣ ለጓደኛ እንልካለን፣ አለቀ። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ይህ ብዙ አይጎዳም ነበር። የተጻፈው ቢሳሳት እንኳ ቤቱ በቦታው ቆሟል፤ የተጠራጠረ ሰው ሄዶ ያያል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ግን ነገሩ ሌላ ሆኗል። በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ዛሬ ፒያሳ የምንለው የአራዳ ብዙ ክፍል ፈርሷል። ዶሮ ማነቂያ የለም። ሠራተኛ ሰፈር የለም። ቤቱ ሲሄድ ማስረጃው ፎቶው ብቻ ሆኖ ቀረ። ማስረጃ ከሆነ ደግሞ ቀኑና ቦታው በትክክል መታወቅ አለበት።

እዚህ የምሞክረው አንድ ቦታ ይዤ፣ ጊዮርጊስንና በዙሪያው ያለውን አራዳ፣ ታሪኩን በፎቶዎቹ በኩል ማንበብ ነው።

ከአዲስ አበባ ሰፈሮች ሁሉ እንደ አራዳ ካሜራ ያየው ያለ አይመስለኝም። ለዚህም ምክንያት አለው። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ቤተ መንግሥቱ አንዱን ጉብታ ያዘ፤ ትልቁ ገበያ ደግሞ ከወንዝ ማዶ አራዳ ላይ ሆነ። ከዓድዋ ድል በኋላ ለድሉ መታሰቢያ የጊዮርጊስ ካቴድራል በድንጋይ ተሠራ፤ ታቦቱ ከሠራዊቱ ጋር ዓድዋ ወርዶ ነበርና። ባለ ስምንት ማዕዘኑን ሕንፃ ንድፍ ያወጣው ሴባስቲያኖ ካስታኛ የተባለ ጣሊያናዊ መሐንዲስ ነው። ሥራው በ1903 ዓ.ም. ገደማ ተጠናቀቀ። ንግሥት ዘውዲቱ የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት እዚህ ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የነገሡት እዚሁ ነው። እቴጌ ጣይቱ ያሠሩት የከተማዋ የመጀመሪያ ሆቴልም ከዚያው ብዙ አይርቅም። ገበያው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ንግሡ፣ የእንግዳ ማረፊያው፣ ሁሉም አንድ አካባቢ። አዲስ አበባ የደረሰ ባለ ካሜራ አራዳን ሳያነሳ አይመለስም ነበር።

አንሺዎቹ እነማን ናቸው? ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የምኒልክ አማካሪ የነበረው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ነው። የእሱ ስብስብ ዛሬ ዙሪክ ይገኛል። ቀጥሎ አርመኖቹ መጡ። ቤድሮስ ቦያጂያን የምኒልክ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ። ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮምም ሙያውን ወርሰው ቀጠሉ። ከዚያ በተረፈ ዲፕሎማቱ፣ ሚሲዮናዊው፣ ነጋዴው፣ ጋዜጠኛው አለ። ማን እንዳነሳው ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የሚያነሳው እንዲታይ የተፈለገውን ነው። መንገደኛው የሚያነሳው የገረመውን ነው። ስቱዲዮ ያለው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ማኅተሙን ከፎቶው ጀርባ ይመታል። ስለዚህ የድሮ ፎቶ እጃችሁ ሲገባ መጀመሪያ ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ። በስልክ የሚዞሩት ፎቶዎች ትልቁ ጉዳታቸው ጀርባ የሌላቸው መሆኑ ነው።

ጀርባው ከሌለ ፎቶውን ራሱን መጠየቅ ነው። አራዳ ላይ ጥያቄው ቅደም ተከተል አለው።

መጀመሪያ ከቤቶቹ አልፋችሁ ከኋላ ያለውን ተራራ እዩ። እንጦጦ ራቁቱን ከሆነ ፎቶው በጣም የቆየ ነው። አዲስ አበባ በተቆረቆረች በጥቂት ዓመት ውስጥ የማገዶ እንጨት አልቆባት ነበር። ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው እንደነበር ይታወቃል። ከተማዋን ያዳናት ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ዛፉ ቶሎ ያድጋል፤ ቢቆረጥ ያቆጠቁጣል። ስለዚህ ባሕር ዛፉ ከየግቢው አጥር በላይ ብቅ ካለ ወደ ምኒልክ ዘመን መጨረሻ ተጠግተናል ማለት ነው። ከተማው በዛፍ ተውጦ ጣሪያው ብቻ በየመሃሉ ከታየ ደግሞ ከዚያም ወዲህ መጥተናል።

ሁለተኛው ጣሪያው ነው። በመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ሳር ክዳን ይበዛል። ቆርቆሮው ያለው በቤተ መንግሥቱ፣ በመኳንንቱና በውጭ ነጋዴዎች ቤት ላይ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ቆርቆሮ በግመልና በበቅሎ ጀርባ ይመጣ ነበር። ከባቡሩ በኋላ በየፎቶው ቆርቆሮው እየበዛ፣ ሳሩ እየሳሳ ሲሄድ ይታያል።

ሦስተኛው መኪና ነው። የመጀመሪያው መኪና አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። መኪና ካለ ከዚያ ወዲህ ነው። መኪና የለም ማለት ግን ከዚያ በፊት ነው ማለት አይደለም፤ ለብዙ ዓመት አራዳን የሞላው በቅሎ ነበር። የሚታየው ነገር ሁሉ ይመሰክራል፤ የማይታየውን ግን በጥንቃቄ መያዝ ነው።

አራተኛው ገበያው ራሱ ነው። ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ያለው ተዳፋት በሰው ተጥለቅልቆ፣ ነጋዴው መሬት ላይ ዘርግቶ የሚታይባቸው ፎቶዎች አሉ። እነዚህ ጣሊያን ከተማዋን ይዞ ገበያውን ከማዛወሩ በፊት የተነሱ ናቸው። ምክንያቱን ከታች እመጣበታለሁ።

አምስተኛው ሐውልቱ ነው። ሐውልቱ የሚያስገርም የዘመን ምልክት ነው፤ አንድ ጊዜ ቆሞ እንደቆመ አልቀረማ። ከጥቅምት 1923 በፊት የለም። እስከ 1928 ዓ.ም. ድረስ አለ። በወረራው ዘመን የለም። ከነጻነት በኋላ ተመልሶ አለ። ስለዚህ «ሐውልቱ አለ ወይስ የለም?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ብዙ ፎቶ ቦታ ቦታውን ያስይዛል።

እዚህ ላይ ፎቶ የሚሰበስብ ሁሉ ሊጠነቀቀው የሚገባ ወጥመድ አለ። ዘመን አቆጣጠር ነው። አንድ የአራዳ ፎቶ ላይ «1936» ተጽፎ ቢገኝ፣ ሐውልቱም ባይታይ ምን እንላለን? ቁጥሩ በፈረንጅ ከሆነ ጣሊያን የገባበት ዓመት ነው፤ ሐውልቱ የተነቀለበት ጊዜ ነውና ነገሩ ይገጥማል። ቁጥሩ በእኛ ከሆነ ግን ሐውልቱ ከፎቶው ጠርዝ ውጭ ቀርቶ ይሆናል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከተመለሱ ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው፤ ያኔ ፎቶው ላይ የሚታየው ሰው በነጻነት የሚኖር ሰው ነው። ያው ፎቶ፣ ያው ቁጥር ነው። ሰዎቹ በባዕድ ሥር ናቸው ወይስ ነጻ ናቸው የሚለው ግን «እ.ኤ.አ.» በምትል ምልክት ላይ ተንጠልጥሏል። ልዩነቱ ሰባት ስምንት ዓመት ነው ብሎ መናቅ አይቻልም። በአዲስ አበባ ታሪክ በሰባት ዓመት ውስጥ አንድ ንግሥ፣ አንድ ወረራና አንድ ጭፍጨፋ ገብቷል።

ሌላው ወጥመድ የተገለበጠ ፎቶ ነው። የድሮዎቹ ነጋቲቮች መስታወት ነበሩ። ሲታተም መስታወቱ በተሳሳተ ገጹ ከተቀመጠ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆኖ ይወጣል። ያን ጊዜ መንገዱም ቤቱም ያለቦታው ይሆናል፤ ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው «ይሄ ፒያሳ አይደለም» ብሎ ይምላል። የአማርኛ ማስታወቂያ ካለ ፊደሉ ይናገራል። ከሌለ ደግሞ የወታደሩን ሰይፍ እዩ። ኢትዮጵያዊ በባህሉ ሰይፍ የሚታጠቀው በቀኝ በኩል ነው። በፎቶው ያሉት ሁሉ በግራ ከታጠቁ የተገለበጠው ፎቶው ነው።

የ1923ቱ ንግሥ ፎቶዎች ለብቻቸው መታየት አለባቸው። ብዙ ናቸው፤ ጥራታቸውም ከፍ ያለ ነው። ከመላው ዓለም ጋዜጠኛ መጥቶ ነበር። ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት እ.ኤ.አ. በሰኔ 1931 እትሙ በባለ ቀለም ፎቶ ጭምር ሰፊ ቦታ ሰጥቶታል። ሐውልቱም፣ ከለገሃር ፊት ለፊት ያለው የይሁዳ አንበሳም ለዚያው ለንግሡ የተመረቁ ናቸው። ግን ያ ሳምንት ከተማዋ ለእንግዳ የተኳኳለችበት ነው። መንገድ ተጠግኗል፣ ጎጆው ከእንግዳ ዓይን እንዲሰወር አጥር ታጥሯል። ያንን አይተን «አራዳ እንዲህ ነበር» ብንል ሰው በሠርጉ ቀን የተነሳውን ፎቶ አይተን የዘወትር ልብሱ ይሄ ነው እንደማለት ነው። የዘወትሩን አራዳ ለማየት የሚሻለው አንድ ስሙ ያልታወቀ መንገደኛ ያለ ወግ ያነሳው የገበያ ፎቶ ነው።

ከዚያ ወረራው መጣ። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ከሦስት ወር በኋላ፣ ሐምሌ 22 ቀን፣ አቡነ ጴጥሮስ በአደባባይ ተረሸኑ። የምኒልክ ሐውልት ከቆመበት ተነቅሎ ከሰው ዓይን ተሰወረ። ድል የተነሳ መንግሥት ድል ያደረገውን ንጉሥ ሐውልት ለምን እንደሚፈራው ማስረዳት አያስፈልግም።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ በከተማው ሕዝብ ላይ የደረሰውን እናውቃለን። በእነዚያ ቀናት ፋሺስቶቹ የጊዮርጊስን ካቴድራልም አቃጠሉ። ጣሊያናዊ መሐንዲስ ነደፈው፤ ጣሊያን የተሸነፈበት ድል መታሰቢያ ሆነ፤ በመጨረሻም ጣሊያኖች እሳት ለቀቁበት። ግንቡ ድንጋይ ስለነበር ቆሞ ቀረ። ከነጻነት በኋላ ታደሰ፤ ዛሬ ውስጡ የምናየው የአፈወርቅ ተክሌ ሥዕልም ከእድሳቱ በኋላ የመጣ ነው። ስለዚህ የካቴድራሉን የውስጥ ፎቶ ስናይ መጠየቅ ያለብን ከቃጠሎው በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለውን ነው። ከውጭ ሲያዩት አንድ የሚመስለው ሕንፃ ከውስጥ ሁለት ዘመን አለው።

የወረራው ዘመን ፎቶ ብዙ ነው፤ ለእኔም ከሁሉ ይከብደኛል። የጣሊያን መንግሥት የፎቶና የፊልም ድርጅት የሆነው የሉቼ ተቋም ለምሥራቅ አፍሪካ የራሱ ካሜራ ክፍል ነበረው። ያነሱት መንገድ ሲሠራ፣ ሰልፍ ሲደረግ፣ አዲስ ሱቅ ሲከፈት ነው። ፎቶዎቹ ጥርት ያሉ ናቸው። የከተማዋን መንገዶች ለሚያጠና ሰው ከእነሱ የተሻለ ምንጭ ማግኘት ይከብዳል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ከእነዚህ በኋለኞቹ ፎቶዎች ውስጥ የተዳፋቱ ገበያ የለም። ጣሊያኖቹ ከተማዋን ነጭና ጥቁር አድርገው ለመክፈል አቅደው ነበር። ጉይዲና ቫሌ የተባሉ ሁለት አርክቴክቶች ባወጡት ፕላን መሠረት ጥንታዊው የአራዳ ገበያ ወደ ምዕራብ ተዛወረ፤ ዛሬ መርካቶ የምንለው ቦታ ነው። አራዳ ለአውሮፓውያን ቀረ። ሕዝብ የሞላበት የገበያ ፎቶ ገበያው ከመዛወሩ በፊት ነው ያልኩት ለዚህ ነው። ባዶው ተዳፋት በሉቼ ፎቶ ላይ ንጹሕና ሥርዓት ያለው ይመስላል። ሰዎቹ የት እንደሄዱ ፎቶው አይናገርም። እኛ ነን መናገር ያለብን።

ስለዚህ የወረራ ዘመን ፎቶ ስንለጥፍ «ውብ አዲስ አበባ» ብለን ማለፍ አይገባንም። ፎቶውን ማን እንዳነሳው፣ ለማን ብሎ እንዳነሳው አብረን እንጻፍ። በዚያው ዘመን ወታደሮች ለራሳቸው ማስታወሻ ብለው ያነሷቸው የግድያ ፎቶዎችም አሉ። ከጥርት ያለው የመንገድ ፎቶ ጋር የአንድ ከተማ፣ የአንድ ወቅት ፎቶዎች ናቸው።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። ሐውልቱ ወደ ቦታው ተመለሰ። ለአቡነ ጴጥሮስም ከዚያው አቅራቢያ ሐውልት ቆመላቸው። ሁለቱ ሐውልቶች ያሉበት ፎቶ እንግዲህ ከነጻነት በኋላ ነው።

የቀጣዮቹን ሠላሳ ዓመታት በአጭሩ ልለፋቸው፤ ምልክቶቹ ግልጽ ናቸውና። በቸርችል ጎዳና አናት ላይ የማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ ማማ ከታየ ከ1957 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ነው። ሕንፃውን የነደፈው አፍሪካ አዳራሽን የሠራው አርቱሮ ሜዜዲሚ ነው። ሲቼንቶ ታክሲዎች ከተደረደሩ የጃንሆይ ጊዜ ነው ብሎ መጀመር ይቻላል። ላዳ ከበዛ ደርግ ገብቷል።

ከሐውልቱም ከካቴድራሉም ይልቅ አሁን የሚያሳስበኝ ግን ቤቶቹ ናቸው።

የድሮዎቹ የአራዳ ቤቶች አንድ ዓይነት መልክ አላቸው። ምድር ቤቱ በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ነው። ፎቁ እንጨትና ጭቃ ነው። ከፊት የእንጨት በረንዳ ይዞራል፤ ከጣሪያው ጠርዝ ላይ እንደ ዳንቴል የተቀረጸ እንጨት ይንጠለጠላል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ይህ መልክ የብዙ እጅ ሥራ ነው። ህንዳውያን ግንበኞች አሉበት፤ አርመኖችና ግሪኮች አሉበት፤ የእኛ ሰው ደግሞ ጭቃውንም እንጨቱንም ያውቅበታል። አርመናዊው ሚናስ ኸርበኪያን ስማቸው ከብዙ የአራዳ ቤት ጋር ይነሳል። የጣይቱ ሆቴልም የዚሁ ዘመን ልጅ ነው። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በእሳት ሲጎዳ ብዙ ሰው የደነገጠው ለዚህ ነው። እንጨት በዛበት ቤት እሳት ሲነሳ አይቆምም።

እነዚህ ቤቶች ለምን እንዳረጁ ፎቶዎቹ ራሳቸው ይናገራሉ። በ1967 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ደርግ አዋጅ ቁጥር 47ን አወጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ኪራዩ ከመቶ ብር በታች የሆነው ቤት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች ተሰጠ። ኪራዩም ተቀነሰ። ለድሃው እፎይታ ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። በፒያሳ መሃል በትንሽ ብር መኖር የቻለ ትውልድ የመጣው ከዚያ ነው። ቤቱ ግን ባለቤት አጣ። አንድ ነጋዴ ከነቤተሰቡ ይኖርበት የነበረ ቤት ለአምስት ለስድስት አባወራ ተከፋፈለ። ጣሪያው ሲያፈስ የሚጠግነው ማን ነው? ቀበሌው ገንዘብ የለውም፤ ተከራዩ የእኔ አይደለም ይላል።

ለውጡ ከሁሉ በፊት የሚታየው በረንዳው ላይ ነው። ከ1967 በፊት በተነሱ ፎቶዎች በረንዳው ክፍት ነው። ልብስ ተሰጥቶበት፣ ሰው ተቀምጦበት ይታያል። በኋላ በተነሱት በቆርቆሮና በጣውላ ይዘጋል። ልጅ ሲበዛ በረንዳው ክፍል ይሆናላ። በእኔ እምነት የአራዳን ቤት ዘመን ለመለየት ከሐውልቱ ቀጥሎ የሚጠቅመው ይህ ነው። በረንዳው ተከፍቷል ወይስ ተዘግቷል?

ይህን በአንድ ፎቶ ላጠናቅቀው። «የ1950ዎቹ ፒያሳ» ተብሎ የሚዞር አንድ የመንገድ ፎቶ ነው። ባለ አንድ ፎቅ ቤት አለ። በረንዳው ግማሹ በቆርቆሮ ተመትቷል። ሐውልት አይታይም፣ ካቴድራሉ አይታይም፣ መኪናም የለም። ከላይ ከዘረዘርኳቸው ምልክቶች በረንዳው ብቻ ነው ያለው፤ እሱም 1950ዎቹ የሚለውን ያጠራጥራል። ቦታው ደግሞ ጨርሶ አይታወቅም። ለማነጻጸር የሚሄዱበት መንገድ አሁን የለም።

ፎቶውን ዶሮ ማነቂያ ተወልደው ላደጉ አንዲት እናት አሳየኋቸው። ሰፈሩ ሲፈርስ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም የደረሳቸው ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን ተቀበሉኝ። እኔ ቤቱን እያሳየሁ ስለ በረንዳው እጠይቃለሁ። እሳቸው ግን ወደ ፎቶው ጠርዝ ሄዱ።

«ቤቱን ተወው የኔ ልጅ። ይቺን ቦኖ አየሃት?»

እውነትም ጥግ ላይ፣ በግማሽ ተቆርጣ፣ የውሃ ቦኖ አለች። ከፊቷ ሁለት ባልዲ ተደርድሯል። ልብም አላልኳት ነበር።

«ማለዳ ነው የምትከፈተው። ተሰልፈን ነው የምንቀዳው። ከቦኖዋ ጎን ያለው ደረጃ ወደ እኛ ግቢ ያወርዳል። ቆርቆሮውን የመታነው እኛ ነን። ሦስተኛ ልጄ ሲወለድ መተኛ ስንቸገር፣ አባታቸው በረንዳውን ዘጋው።»

«ከሠርግዎ በፊት ነው በኋላ?» አልኳቸው።

«ምን ነካህ! ሠርጌማ በረንዳው ላይ ነው የተበላ።»

ተነስተው አልበማቸውን አመጡ። የሠርጉ ፎቶ አለ። ሙሽሮቹ መሃል ቆመዋል። ከኋላቸው ያ በረንዳ ነው፤ ክፍት ነው፤ ከጣሪያው ጠርዝ የተንጠለጠለው የተቀረጸ እንጨት እንኳ አንድም ሳይጎድል ይታያል። ከጀርባው በእስክሪብቶ «ጥር 1971» ተብሎ ተጽፏል። በኛ አቆጣጠር ነው፤ ራሳቸው ናቸው የጻፉት።

እንግዲህ የመንገዱ ፎቶ የ1950ዎቹ ሊሆን አይችልም። ከ1971 ወዲህ፣ ያውም ሦስተኛው ልጅ ከተወለደ በኋላ ነው። ቦታውም ታወቀ። ቤቱን የማንም የሕንፃ መዝገብ አልነገረንም። የነገረችን የሠርግ ፎቶ ናት፤ ቤቱን ለማንሳት ብላ ያልተነሳች ፎቶ።

ከ1966 በኋላ ከአገር የወጡ ብዙ የአራዳ ቤተሰቦች አልበማቸውን ይዘው ወጥተዋል። ዋሽንግተን አካባቢ ባሉ ቤቶች መሳቢያ ውስጥ ስንት የአራዳ በረንዳ እንደተቀመጠ አስቡት። የክርስትና፣ የሠርግ፣ የምረቃ ፎቶ ነው። ሰው የሚያየው ሰዎቹን ነው፤ ከኋላ ያለው ግድግዳ ግን ዛሬ የትም የለም። እንዲህ ያለ ፎቶ ያላችሁ ስካን ስታደርጉ ጠርዙን አትቁረጡ። ቦኖዋ ያለችው ጠርዝ ላይ ነው። ጀርባውንም ለብቻ አንሱት። በስሱ በእርሳስ አራት ነገር ጻፉበት፦ የት እንደሆነ፣ ካሜራው ወደየት እንደሚያይ፣ መቼ እንደሆነና ቁጥሩ በኛ ነው በፈረንጅ የሚለውን። ቅጂውን ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ ወይ ለወመዘክር መስጠት ይቻላል። ስድስት ኪሎ ያለው ተቋም ለዓመታት የድሮ ፎቶ ሲሰበስብ የቆየ ነው።

ያቺ የመንገድ ፎቶ አሁን እኔ ዘንድ ያለው ጽሑፏ ይህ ነው። እናትየዋ እየነገሩኝ ነው የጻፍኩት፦ «ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ። ከቦኖው ጥግ ወደ ላይ ሲታይ። ከ1971 ዓ.ም. በኋላ፣ በኛ አቆጣጠር። በረንዳው የተዘጋው በነዋሪዎቹ ነው። በ2016 ፈርሷል።»